ውሃ ያልጠጣችው ጀልባ

ሰውየውን ሁሉም «ውሃ ልክ» ይለዋል። እናትና አባቱ ያወጡለት ደህና ስም አለው፤ ነገር ግን ከመታወቂያው ላይ በቀር የሚጠራበት ቦታ የለም። ቅጽሉን ያወጡለት በሐይቁ ዳር መዝናኛ አብረውት የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ አወጣጣቸውንም አልሳቱም። የሻይ ቤት ጠረጴዛ ትንሽ ከተወላገደበት ወረቀት አጥፎ ከእግሩ ሥር ሳይሸጉጥ ሻዩን አይቀምስም። ሰው ሲያወራውም አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ነው የሚያዳምጠው፤ የሚነገረው ነገር ቀጥ ማለቱን የሚለካ ይመስላል። እንዲህ ያለ ሰው ወዳጅ አይበዛለትም፤ ለእሱም አልበዛለትም።

ሥራው ጀልባ ነበር። ሰው ለመዝናናት የሚሳፈርባቸውን የሞተር ጀልባዎች ይጠግናል፣ ይቀባል፣ ሞተራቸውን ፈትቶ ይገጥማል። ቅዳሜና እሁድ እንግዶቹ አምረውና ሽቶ ተቀብተው ሲመጡ ጀልባዎቹን አሰልፎ ይጠብቃቸዋል፤ ሲመለሱ ደግሞ የደፉትን ለስላሳ ያጥባል፣ የረሱትን የልጅ ጫማ ይሰበስባል። ጀልባ ላይ የወጣ ሰው ስለ ጀልባው ምንም ማወቅ የለበትም፤ ማወቅ ከጀመረ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ውሃ ልክ ዕድሜውን ሙሉ የደከመው እነዚያ ሰዎች ምንም እንዳያውቁ ነው። ደግሞም ምንም አላወቁም፤ ስሙን እንኳን።

ከጀልባዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወዳት አንዲቷን ነበር። የጣውላ ጀልባ ናት፤ ረዘምና ጠበብ ያለች፣ ሞተሯ መሀሏ ላይ በሣጥን የተከደነ፣ ዋናተኞች በቀላሉ እንዲወጡባት የኋላ ጎኗ ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠ። ከእሷ በፊት የመጣ ጀልባ እዚያ አልነበረም፤ ስለዚህ ሠራተኛው «አሮጊቷ» ይላታል። በቀለም ላይ ቀለም፣ በቫርኒሽ ላይ ቫርኒሽ ሲደራረብባት ኖሮ ጎኗን በጥፍር ቢፍቋት ያለፉት ዓመታት ሁሉ በየቀለማቸው ይወጣሉ።

እህቱ እዚያው መዝናኛ ልብስ አጣቢ ነበረች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነው፤ እሷም ብትሆን ከልጅነት አልወጣችም፤ ግን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ስለዚህ ፀጉሩ ሸብቶ እንኳን «አንተ ልጅ» ነው የምትለው። እሱ «እትዬ» ይላታል፤ አገሩም ሁሉ ከእሱ ተቀብሎ እትዬ ብሏት ቀረ። ምላሷ ስለት ነው። «አሮጊቷን ላያት ልሂድ» ካላት «እዚሁ ቁጭ ብዬልህ ወዴት ትሄዳለህ?» ትለዋለች።

የልብስ ማጠቢያው ክፍል ወደ ሐይቁ የምታሳይ አንዲት መስኮት ነበረችው፤ ከፍ ብላ የተሠራች፣ በእንፋሎት ሁልጊዜ የሚያልባት። አንሶላና ፎጣ ሲፈላ መስታወቷ ይጋረዳል፤ ስለዚህ እትዬ ጀልባዎቹን የምታውቃቸው በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነው። የአሮጊቷን ሞተር ከሁሉም ትለያለች። ካንዴላው ሲቆሽሽ ከወንድሟ ቀድማ ትሰማለች፤ ለምሳ ሲገናኙ «ጀልባህን ዛሬ ጉንፋን ይዟታል» ትለዋለች፤ ሄዶ ሲፈታው እንዳለችው ሆኖ ያገኘዋል።

ተሳፍራባት ግን አታውቅም። ሠራተኛ ከእንግዳ ጋር አይሳፈርም፤ ደንብ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ የከለከላት ደንቡ ሳይሆን የገዛ ወንድሟ ነበር። አንድ ቀን «ካርቡሬተሩን ልጠበውና»፣ ሌላ ቀን «ቫርኒሹ ይድረቅና»፣ ሌላ ቀን «ነፋሱ ይብረድና» ይላታል። እንከን ያላት ጀልባ ላይ እህቱን አያወጣም፤ እንከን የሌላት ጀልባ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተሠራችም። እትዬ መጀመሪያ ጠየቀችው፣ ቀጥላ ቀለደችበት፣ በኋላ ተወችው። ሰው የሚያስፈራው ሲጠይቅ ሳይሆን መጠየቅ ሲተው ነው። ውሃ ልክ ይህን የተረዳው ብዙ ዘግይቶ ነው።

ከጊዜ በኋላ መዝናኛው የፕላስቲክ ጀልባዎች አስመጣ። አሮጊቷ ከጀልባ ቤቱ ጀርባ ተጣለች፤ ለማገዶ ልትፈለጥ ስትል ውሃ ልክ ለምኖ ወሰዳት። ጡረታም ወጣ። ከውሃው ብዙ ሳይርቅ አንድ ክፍል ቤትና ሰፊ ግቢ ነበረው፤ ግቢው ውስጥ በእንጨት ላይ አስቀምጦ ከላይ ቆርቆሮ ጣለላት። ሞተሯን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታው። ሲሊንደሩን አስጠረበ፣ የዛገውን በናፍጣ አጠበ፣ ያለቀውን ቀየረ። ጎኗን በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ከቀለም ሥር ቀለም፣ ከቀለም ሥር እንጨት ላይ ደረሰ። እትዬ እሁድ እሁድ እየመጣች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ከመዝናኛው የተጣለ ቀይ መጋረጃ አምጥታ ለወንበሯ ትራስ ሰፋችላት። ሰፍታ ስትጨርስ ግን ምንም አልጠየቀችም። ትራሱ ዓመታት በላስቲክ ተጠቅልሎ ቆየ፤ ጀልባዋም ከቆርቆሮው ሥር እየደረቀች ቆየች። ያልተላገ ጣውላ ነበራ፣ ያልተጠረገ ብሎን ነበራ፤ ለውሃ ልክ የሚሆን ሰበብ መች ይጠፋል።

ከዚያ እትዬን ስኳር ያዛት። ሳይታወቃት ቆይቶ ኖሮ እግሯ መደንዘዝ ጀምሯል፤ ጫማዋ ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትወጋት አልተሰማትም። ማታ ጫማዋን ስታወልቅ ካልሲዋ ደም ነው። ቁስሉ እንደ ቀልድ ጀምሮ እንደ ቀልድ አልቀረም፤ አውራ ጣቷ ጠቆረ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለው። ነርሷ ቤቷ ድረስ እየመጣች ታሽግላታለች፤ በየቀኑም ጠብታ ውሃ እንዳይነካው ታስጠነቅቃለች። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ውስጥ የኖረች ሴት በስተርጅና ከውሃ ተከለከለች።

ልጇ የሚኖረው ሩቅ ከተማ ነው። ደህና ልጅ ነው፤ እናቱን የሚወድ፣ ነገር ግን ሁሉን ነገር ቸኩሎ የሚያደርግ። ሐኪሞቹ እግሩ መቆረጥ አለበት ሲሉ፣ እሱ ያለበት ከተማ ወስጄ አሳክማታለሁ፣ ከዚያም እኔው ጋ ትኖራለች አለ። ወሩ ሲያልቅ መጥቶ እንዲወስዳት ተስማሙ። ያን ዕለት ማምሻውን ውሃ ልክ ሊጠይቃት ሄደ። እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ ሬዲዮኗን ዘግታ ተቀምጣለች። ስለ ሕመሟ ትንሽ አወሩ፣ ስለ ልጇ ትንሽ አወሩ። ከዚያ ቀና አለችና፣

«አንተ ልጅ፣ ያቺን ጀልባ ሳልሳፈራት ልሄድ ነው?» አለችው።

ለስንት ዘመን ያልጠየቀችውን ነው የጠየቀችው። ከመሄድሽ በፊት ትሳፈሪያለሽ አላት፤ ማለላት። ከዚያች ቀን በኋላ ለእሱ ዓለም ላይ ሌላ ጉዳይ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ጣውላ ጀልባ አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። የጣውላ ጀልባ ከውሃ ወጥታ ስትከርም እንጨቷ ይኮማተራል፤ በጣውላና በጣውላ መካከል ብርሃን ያሳልፋል። ያንን ክፍተት የጥጥ ክር ይጠቀጥቁበትና ከላይ ለስላሳ ስቱኮ ይለቀልቁታል። ከዚያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር ያስሯታል። መጀመሪያ እንደ ወንፊት ታስገባለች፤ ግማሽ አካሏ ይሰጥማል፤ የማያውቅ ሰው አይቶ ይስቃል። ቀናት ሲያልፉ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጣውላ ጣውላን ይገፋል፣ ለስላሳው ስቱኮ እየተጨመቀ ቦታ ይለቃል፤ ክፍተቱ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ያን ጊዜ የገባውን ውሃ ቀድተው ያወጡላታል፤ ከዚያ ወዲያ አታስገባም። በጀልባ ቤት ይህን «ማጠጣት» ይሉታል፤ ጥበቡም ሌላ ሳይሆን ትዕግሥት ነው።

ክልክሉ አንድ ነው። የደረቀች ጀልባ ክፍተቷ በጠንካራ ኮላ አይሞላም። ከሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ እንደ ድንጋይ የሚደርቅ ኮላ አለ። በእሱ ከሞሏት በመጀመሪያው ቀን ጠብታ አታስገባም፤ ያየ ሁሉ ጎበዝ ይላል። ከዚያ እንጨቱ ማበጥ ይጀምራል። ኮላው አይጨመቅም፣ ቦታ አይለቅም፤ ጣውላው መሄጃ ሲያጣ የራሷን የጀልባዋን የጎን አጥንቶች ይሰብራል።

ይህን ከውሃ ልክ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ለዚህ ነገር ሲል የቅርብ ጓደኛውን አጥቷል። የጀልባ ቤቱ አናጢ አንድ ጊዜ እንግዶች ሳይመጡ ለመድረስ ብሎ አንዲቱን ጀልባ በዚያ ኮላ ሞላት፤ ጀልባዋም በሳምንቱ አጥንቷ ተሰባብሮ ወጣች። ውሃ ልክ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አንተ አናጢ ሳትሆን ሬሳ ሣጥን ሠሪ ነህ ብሎ አዋረደው። አናጢው ያን ዕለት ሥራውን ጥሎ ሄደ። ከዚያም መንገድ ዳር ሱቅ ከፍቶ እውነትም ሬሳ ሣጥን መሥራት ጀመረ፤ በእልህ ይሁን ገበያው ስለደራ የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ጫማው ያያል።

ውሃ ልክ በማለላት ማግስት ሥራ ጀመረ። የጥጥ ክሩን በመዶሻና በመሮ ቀስ እያለ ጠቀጠቀ፣ ለስላሳውን ስቱኮ ለቀለቀ። ሒሳቡ የተስተካከለ ነበር፤ ወሩ እስኪያልቅ ለማጠጣት የሚበቃ ጊዜ አለ። አንድ ጎኗን ጨርሶ ሌላውን ሲጀምር የእህቱ ልጅ ደወለ። የሐኪም ቀጠሮው ከታሰበው ቀደም ብሏል፤ መንገድ ላይ ነኝ፣ ነገ እገባለሁ፣ ከነገ ወዲያ ይዣት እሄዳለሁ አለ። ውሃ ልክ ስልኩን ዘግቶ ጀልባዋን አያት። በአንድ ቀን ጀልባ ውሃ አትጠጣም።

ልጁ በማግስቱ ጠዋት እንደገባ ወደ አጎቱ ግቢ መጣ። የጀልባውን ነገር እናቱ ነግራው ኖሮ ፊቱ ጠቁሯል። ነርሷም አብራው አለች። ሦስቱ ቆርቆሮው ሥር ቆመው ተማከሩ። ነርሷ፣ የሐይቅ ውሃ ከነካው ቁስሉ ይመረቅዛል፣ መርዙ ወደ ላይ ይወጣል አለች። ልጁ ደግሞ የእናቱን ልብ መስበር አልፈለገም፤ ማሳፈሩንም ፈራ።

«አጎቴ፣ እግሯን ጠብታ ውሃ እንደማይነካው ይምሉልኛል?» አለ በመጨረሻ።

«አይነካውም። ወለሏ ላይ አቧራ ታያለህ እንጂ ውሃ አታይም» አለው ውሃ ልክ።

እንዲህ ብለው ተስማሙ፤ ከሰዓት በኋላ ይዘዋት እንዲመጡም ተቀጣጠሩ። እትዬ እዚያ አልነበረችም። ከሦስቱም መካከል እሷን እንጠይቃት ያለ አልነበረም።

ብቻውን ሲቀር የለቀለቀውን ስቱኮ በመሮ እየፋቀ ማውጣት ያዘ። ከዚያ የኮላውን ሁለት ቆርቆሮ ከመደርደሪያ አወረደ። ክዳናቸውን ከፈተ። ለኮላው በዚያ ፀሐይ ለመድረቅ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል፤ እሱ ግን ብቻውን ያን ሁሉ ክፍተት ሞልቶ አይደርስም። ይህን እያሰበ ቀና ሲል በሩ ላይ ሰው ቆሟል፤ አናጢው ነው። እትዬ ልትሄድ ነው ሲባል ሰምቶ ሊሰናበታት ሲያልፍ የመሮውን ድምፅ ሰምቶ ገብቷል። ቆርቆሮዎቹን አየ፣ ጀልባዋን አየ፣ ውሃ ልክን አየ።

«ትሰብራታለህ» አለው።

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ቀን አትቆይም።»

«አውቃለሁ አልኩህ። የምፈልገው አንድ ከሰዓት ነው።»

አናጢው ያቺን የድሮ ተረት አውጥቶ ሊመልስለት ይችል ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም። ግን ኮቱን ሚስማር ላይ ሰቀለ፣ እጅጌውን ሰበሰበና ኮላውን ማማሰል ጀመረ። አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሆነው ሞሏት። ውሃ ልክ ይቅርታ ሊል ብዙ ጊዜ አፉን ከፈተ፤ በየጊዜው የሚወጣው ግን «ጨርቅ አቀብለኝ» ሆነ።

ከሰዓት በኋላ በጎታች ጋሪ ወደ ውሃው አወረዷት። እትዬን ልጇና አናጢው ከነወንበሯ ተሸክመው አመጧት። ፀጉሯን አበጥራለች፣ ሰማያዊ ሻርፕ አድርጋለች፤ እግሯ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ ከላይ ታስሯል። ሲያወጧት እንዲቀል ብለው ዝቅ ባለው የኋላ ጎን አስገቧትና ቀዩ ትራሷ ላይ አስቀመጧት። ልጇ የሐይቅ ዳር ልጅ ሆኖ ዋና አይችልም፤ ውሃም ያጥወለውለዋል፤ ዳር ሆኖ ሊጠብቅ ቀረ። አናጢውም ከእሱ ጋር ቆመ።

ሞተሩ በአንድ ጥሪ ተነሳ። እትዬ ጆሮዋን አዘንብላ ሰማችውና «ጤነኛ ናት» አለች። ውሃ ልክ ከፊት መሪውን ይዞ በየጥቂቱ ወለሉን ይገላምጣል። ደረቅ ነው፤ እንዳለው አቧራው እንኳን አልተነሳም። በሕይወቱ ካደረገው ሁሉ የዚያን ቀን ብቻ በራሱ ኮራ ማለት ይቻላል፤ ኩራቱም ብዙ አልቆየም።

ከዳር ራቅ ሲሉ መዝናኛው ሙሉ በሙሉ ታየ። እትዬ ሕንፃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትፈልግ ቆየችና አንዲት ከጣሪያው ሥር ያለች ቀዳዳ ላይ ዓይኗ አረፈ።

«ያቺ ናት መስኮቴ?» አለች።

«እሷ ናት።»

«ይህችን ታህል ነበር እንዴ?»

ውሃ ልክም ወደፊት አየ። ሰው ዕድሜውን የጨረሰባትን ቦታ በሩቅ ሲያያት እንዲህ ማነሷ ልብ ይሰብራል፤ የእሱም ጀልባ ቤት ከዚያ አልተሻለም፤ የክብሪት ሣጥን ነው የሚመስለው። ሞተሩን ቀነሰ። ያን ጊዜ ከኋላው ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማ።

ዞር ሲል እትዬ እስሩን ፈትታ፣ ፋሻውን አውልቃ፣ ያን የጠቆረ እግሯን ዝቅ ባለው ጎን አሳልፋ ውሃው ውስጥ ነክራዋለች። ውሃ ልክ መሪውን ለቆ ብድግ አለ። በእጇ ተቀመጥ አለችው።

«ሰሞኑን ለሚጥሉት እግር አትጩህብኝ» አለችው ቀስ ብላ። «ጣቶቼ እንደሆን ምንም አይሰማቸው። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ግን ይቀዘቅዘኛል። ጥሩ ነው።»

ሞተሩን አጠፋው። ሐይቁ ጸጥ አለ። መጀመሪያ ተናደደ፤ ያን ሁሉ ኮላ፣ ያን ሁሉ መሐላ አሰበ። ከዚያ ንዴቱ ወዴት እንደሄደ ሳያውቀው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እንዳታየው ፊቱን ወደ ሞተሩ ሣጥን አዞረና የማይፈታውን ብሎን የሚያጠብቅ መሰለ። እሷ አላየችውም፤ እግሯን ወዲያና ወዲህ እያደረገች ውሃውን ታያለች። ፊቷ እናታቸው ሳትሞት የነበረውን መሰለው፤ ያንን ፊቷን ግን በትክክል አያስታውሰውም።

ብርድ ሲመጣ እግሯን በሻርፗ አደረቀችው፤ እሱ ተንበርክኮ ፋሻውን ጠቀለለላት፣ ላስቲኩን እንደነበረው አሰረው። ለልጄ አትናገር አለችው፤ እሺ አላት። ሲመለሱ፣ ዳር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ከወለሉ ሥር አንዴ «ጧ» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ምንድን ነው?» አለች እትዬ።

«ሞተሩ ነው» አላት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ልጇ መኪና ውስጥ አስገብቶ ወሰዳት። ውሃ ልክ መኪናው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ቆሞ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ውሃው ዳር ሄደ። ጀልባዋ ታስራ ባደረችበት ግራ ጎኗ ወደ ውስጥ ተገፍቷል። ጣውላዎቹ አብጠው እርስ በርስ ተደጋግፈዋል፤ ኮላው ግን አንዲት ስንጥቅ የለበትም፤ አናጢውና እሱ ጥሩ አድርገው ነው የሞሉት። ከሥሩ የጎን አጥንቶቿ ተራ በተራ ተሰንጥቀዋል። ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ ሌላ አጥንት ተሰበረ። ያቺን ጀልባ ከሁሉ በላይ ያውቃታል፤ የትኛው እንደሆነ በድምፁ ለየው።

እትዬ የደወለችው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኦፕራሲዮኑ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ከልጇ ስልክ ሳይሆን ከራሷ ነው የደወለችው። ውሃ ልክ ውሃው ዳር ነበር፤ ጀልባዋ ከጎኑ ግማሽ አካሏ ሰጥሞ ቀዩ ትራስ ውስጧ ይንሳፈፋል። ስለ ሆስፒታሉ ምግብ ትንሽ አማረረች። ቁስሉ ወደ ላይ ስለወጣ የሚቆርጡት ከጉልበቷ በላይ ነው እንዳሏትም በዚያው ድምፅ ነገረችው።

«ከውሃው ነው?» አላት።

«ከውሃው ይሁን ከመንገዱ ማን ያውቃል። ከውሃው ቢሆንስ? እግሩ የማን ነው?» አለችው። ከዚያ «አሮጊቷ እንዴት ናት?» አለች።

«ደህና ናት።»

«ውሃ ጠጣች?»

«ጠጣች።»

ከበስተኋላዋ የሰው ኮቴና የብረት አልጋ ሲገፋ ይሰማል።

«አንተ ልጅ፣ ያን ዕለት የሰማሁት ሞተር አልነበረም። የዚያችን ጀልባ ሞተር ለእኔ ልትነግረኝ ነው? ተሰበረች አይደል?»

«ተሰበረች።»

«ለእኔ እግር ብለህ?»

«እንዳይረጥብብሽ ብዬ። ነርሷ እንዲያ ስትል፣ ልጅሽም…»

«ለእሷ ነገርካት፣ ለልጄ ነገርከው። እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለውም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ እጄ ደርቆ አያውቅም። እርጥብ ጀልባ የምፈራ መሰለህ? እንደ ወንፊት ብታስገባም ዘንድሮ አይደለም፣ ያኔ ገና በደህና እግሬ ልትወስደኝ ትችል ነበር።»

ያኔ ማለት መቼ እንደሆነ ውሃ ልክ ያውቃል፤ ካርቡሬተሩ ሲታጠብ፣ ቫርኒሹ ሲደርቅ፣ ነፋሱ ሲበርድ ያስጠበቃት ዘመን ሁሉ ነው። መልስ አለመምጣቱን ስትሰማ ቀለል ልታደርግለት ፈለገች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያለቅስ እንዲሁ ነው የምታደርገው።

«በል ተወው። ነገ እኔም እሷን እመስላለሁ» ብላ ሳቀች። «ለጠየቀህ ሁሉ ሁለቱም አሮጊቶች ደህና ናቸው በል።»

በማግስቱ ወደ ማታ ስልኩ ሲጠራ የልጇ ቁጥር ነበር። ውሃ ልክ አየውና ለጥቂት ጊዜ ሳያነሳው ቆየ። እሷ ብትሆን ከራሷ ነበር የምትደውለው። ሲያነሳው ልጁ ማውራት አልቻለም፤ መናገርም አላስፈለገውም። እትዬ ካስተኟት አልነቃችም።

ውሃ ልክ ከቀብሩ ሲመለስ አናጢውን ግቢው ውስጥ አገኘው። ጀልባዋን ለብቻው ጎትቶ አውጥቶ ቆርቆሮው ሥር አስቀምጧታል፤ ውሃዋን ቀድቶ ትራሱን አጥር ላይ አስጥቷል። ብዙ ሲያስብበት የቆየ ይመስላል፤ ኮላውን ሁሉ በመሮ ፍቄ አወጣዋለሁ፣ አጥንቶቹን አንድ በአንድ እቀይራለሁ፣ ለዚህ የሚሆን የደረቀ እንጨት ሱቄ ውስጥ አለኝ፣ አሁን ግን በደንብ እናጠጣታለን፣ የሚያስቸኩለን ነገር የለም አለው።

ውሃ ልክ እንደ ልማዱ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ እስኪጨርስ አዳመጠው። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና፣

«ለማን?» አለው።

አናጢው እትዬ እሁድ እሁድ ትቀመጥበት የነበረውን በርጩማ ስቦ ሊቀመጥ ሲል ተወውና ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠ። ትራሱ ገና አልደረቀም፤ ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል። ውሃ ልክ ተነስቶ ትራሱን ወደ ቤት አስገባው።